መመለሻ የሌለው ኮምፒውተር

ይህን ያወራችልኝ የኮምፒውተር ጠጋኙ ሚስት ብርቄ ናት። ብርቄ ወሬ ብትቀንስ እንጂ አትጨምርም። እኔ ደግሞ ከላያችን ፎቅ ለምትኖረው ለየትምወርቅ ነገርኳት፤ ሻንጣዋን በሬ ላይ አቁማ፣ «እትዬ፣ ዛሬም እናቴ ቤት ልሂድበት? እንደ ልማዱ ሽማግሌ ልኮ ይመልሰኛል» ብላ ስትጠይቀኝ። ከባሏ ጋር ያጣላት የቴሌቪዥን ሪሞት ነው።

አንድ ሰው ነበረ፤ እጁ አያርፍም። ከሥራ ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ ኮምፒውተሩ ላይ ይጣዳል። በዚያ የቤት ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር ሠርቷል፤ ቨርቹዋል ማሽን ይሉታል። በእጅ የሚነካ አይደለም፤ በፕሮግራም የተሠራ ነው። ስክሪኑ ላይ በአንድ መስኮት ይከፈታል፤ እንደ እውነተኛው ይነሳል፣ እንደ እውነተኛው ይበላሻል። ልዩነቱ፣ ሰውዬው ከመነካካቱ በፊት ማሽኑ ያለበትን ሁኔታ ያስቀምጥና፣ ሲበላሽበት አንድ ቁልፍ ተጭኖ እንደነበረ ይመልሰዋል።

ይህ ነገር ሰውዬውን አባለገው። ቫይረስ ይለቅበታል፣ ይመልሰዋል። ዲስኩን ሙልጭ አድርጎ ያጠፋል፣ ይመልሰዋል። ደህና ሲሆንለት ደግሞ ይቁነጠነጣል፤ ሳያፈርስ መቀመጥ አቃተው።

«አንተ ሰውዬ፣ ዛሬ ደግሞ ምኑን እያፈረስክ ነው?» ትለዋለች ሚስቱ።

«ምን አስጨነቀሽ? ይመለሳል።»

«የአባዬ ድምፅ እዚያ ውስጥ ነው፣ እንዳትረሳ! ፍላሽ ላይ ገልብጥልኝ ካልኩህ ስንት ጊዜ ሆነኝ?»

«እሱ ያለው ዋናው ላይ ነው። እኔ የምነካው የውስጡን ነው። ነገ እገለብጥልሻለሁ።»

አባቷ ሊሞቱ ሲሉ፣ አልጋ ላይ ሆነው ሲመርቋት የቀረጸችው ነው። ሌላ ቅጂ የለውም።

አንድ ቅዳሜ የውስጡን ኮምፒውተር ስክሪኑን ሙሉ እንዲሸፍን አድርጎ ከፈተው። ለሁለቱም አንድ ዓይነት ሥዕል ስላለበሳቸው መልካቸው አይለይም። መሃል ላይ የመጣለትን ኢሜይል ሊያይ ወደ ዋናው ወጣ። አይቶ ሲጨርስ ወደ ውስጡ ሳይመለስ የተመለሰ መሰለው። ፋይል ያለበት ዲስክ ሙልጭ ብሎ እንዲጠፋ አዘዘ። ኮምፒውተሩ «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ ጠየቀው። ይህን ጥያቄ ማንበብ ከተወ ቆይቷል። አዎ አለ።

ከዚያ መመለሻውን ፈለገ። ከላይ የለም። ከታች የለም። መስኮቱን ሊያሳንሰው ሞከረ፤ የሚያሳንሰው መስኮት የለም። ለካ ውጪ፣ ዋናው ላይ ነው ያለው።

«ምን ሆንክ? ፊትህ አመድ መሰለ!» አለችው ሚስቱ።

«ይመለ…» ብሎ ገመዱን ነቀለ። ኮምፒውተሩን አቅፎ የብርቄ ባል ዘንድ ሮጠ። ጠጋኙ ከፍቶ አየና፣ «ይሄስ አይመለስም» አለው።

እንግዲህ ስሚኝ የትምወርቅ። ኩርፊያሽ እንደዚያ እንደ ውስጡ ኮምፒውተር ሆኖልሻል። እስከ ዛሬ አፍርሰሽ በወጣሽ ቁጥር ሽማግሌ እንደነበረ መልሶልሻል። አንቺም ትዳር ማለት ሁሌ መመለሻ ያለው መስሎሻል። አንድ ቀን ግን ዋናው ላይ ቆመሽ ታጠፊዋለሽ፤ መልኩ አንድ ነውና አታውቂውም።

ሰውዬው ኮምፒውተሩን ሸጠው። ሚስቱ አብራው አለች፤ የአባቷን ነገር ግን እሱ ባለበት አታነሳም። የትምወርቅ «የእኔውማ ይመልሰኛል» ብላ ታክሲ ጠርታ ሄደች። ሽማግሌ አልተላከም።