አባ ባሕር ለማን ተነሡ?

ተረት ተረት ልላችሁ ነው። የሚያስነጥስ አሁኑኑ ያስነጥስ፤ ከጀመርኩ በኋላ አልታገሥም።

ድሮ ድሮ አባ ባሕር የሚባሉ ጨዋ ሽማግሌ ነበሩ። ትልቅ ሰው በደጃቸው ሲያልፍ ብድግ ብለው «ኖር!» ይላሉ። አላፊውም «በእግዜር!» ሲላቸው ይቀመጣሉ። ባሕሩ ራሳቸው ናቸውና፣ ሲነሡ ውሃው ወደ ዳር ይወጣል፤ ሲቀመጡ ይመለሳል።

አንድ ቀን ከወትሮው በላይ ተነሥተው ሲቀመጡ፣ አንዲት አሮጌ ጀልባ አሸዋው ላይ ከፍ ብላ ቀረች። ከዚያ ወዲህ ውሃው አልደረሰላትም፤ እንጨቷ ይሰነጠቅ ጀመር። ባለቤቷ ዓሣ አጥማጁ ሳልሕ መጥቶ ጎኗን በእርግጫ መታ አደረገ።

«ወላሂ፣ እስከ ዓርብ ካልተንሳፈፈች ፈልጬ ማገዶ አደርጋታለሁ!» ብሎ መጥረቢያውን ሊስል ሄደ። አዛኝ ሰው ነው፤ ቀጠሮ ሰጥቷል።

ጀልባዋ ፈራች። «እትዬ ፀሐይ፣ ኧረ ይድረሱልኝ! ባሕሩን ያስነሡልኝ!» አለች።

«ይቺማ ምን አላት?» አለች ፀሐይ። «እኔን የሚያህል ማን አለ? ሳልፍ ዘለው ነው የሚነሡት።»

እየተንቀባረረች አለፈች። አባ ባሕር ግን ሩቅ አጥርተው አያዩም። «ማናት ደግሞ እሷ? ለማንኛውም ኖር!» አሉና ትንሽ ነቅነቅ ብለው ተቀመጡ። ለጀልባዋ ጠብታ አልደረሳትም።

«እትዬ ጨረቃ፣ እርስዎ ይድረሱልኝ!»

«አቃታት እንዴ?» አለች ጨረቃ፣ ደስታዋን መደበቅ ተስኗት። «እኔ ትንሽ ነኝ፤ ግን ደጃቸውን ታክኬ ነው የማልፈው።»

አለፈች። አባ ባሕር «ኖር!» ብለው ተነሡ። ውሃው መጣ፣ መጣ፣ ጀልባዋን ሊነካ ትንሽ ሲቀረው ቆመ።

ፀሐይ ይህን ሰምታ ነደደች። ድሮስ መች በርዳ ታውቃለች? በአንድ በኩል እሷ መጣች፣ በሌላ በኩል ጨረቃ ከንዴት ግማሽ ፊቷን ሸፍና መጣች።

«ወደ እኔ ተነሡ!»

«የለም፣ ወደ እኔ!»

አባ ባሕር ወዲህ ሲሉ ወዲያ እየተጎተቱ፣ ሳይነሡም ሳይቀመጡም ጎብጠው ቀሩ። ጀልባዋ ውሃውን ከሩቅ አየችው። ሁለት ወይዛዝርት ሆነው አንድ ሽማግሌ ማስነሣት አቃታቸው። ጎበዞች!

ዓርብ ደረሰ። ሳልሕ መጥረቢያውን ይዞ ብቅ አለ። ጀልባዋ አለቀሰች፤ ከዚያም ልመናውን ተወችና ወሬ ፈጠረች።

«እኔስ ይሁን፣ ልፈለጥ። ግን አባ ባሕር ‹ዛሬ ቀድማ በደጄ የምታልፈው እሷ ናት ትልቋ› ሲሉ ሰማኋቸው» አለች።

ያን ጊዜ የሁለቱን ሩጫ ባያችሁ! ትከሻ ለትከሻ እየተገፋፉ በአንድ በር፣ በአንድ መስመር ደረሱ። «አንቺ ቅደሚ» የሚል ጠፋ። አባ ባሕርም «ኧረ ሁለቱም በአንዴ!» ብለው ደንግጠው በቁመታቸው ልክ ቆሙ። «ኖር! ኖር!»

ውሃው ሽቅብ ወጣ። መጥረቢያው ሲነሣ ጀልባዋ ተንሳፈፈች። ሳልሕም እስከ ጉልበቱ ርሶ «ድሮም ጠንካራ መሆኗን አውቅ ነበር!» እያለ ዘሎ ገባ።

«እኔ አስነሣኋቸው!» አለች ፀሐይ።

«እኔ ነኝ እንጂ!» አለች ጨረቃ።

ጀልባዋን የጠየቃት የለም፤ እሷም ርቃ ሄዳለች። ሁለቱ ዛሬም በአንድ መስመር ሲገጥሙ ባሕር ከፍ ይላል፤ ከተለያየ ጎን ሲጎትቱት ይጎብጣል።

እንግዲህ ትልልቆቹ ሲደርሱላችሁ ለእናንተ ብለው አይምሰላችሁ። ውሃው ሲመጣ ግን ተንሳፈፉ።

ተረቴ እዚህ ላይ ተቀመጠች፤ እናንተ ተነሡ።