ዘብ ያልጠየቀው አዛዥ

አንድ ወጣት ሐኪም በጦር ሆስፒታል ተመድቦ መሥራት ከጀመረ ዓመት አልሞላውም ነበር። አንድ ቀን ፊቱን አጨማዶ ጡረታ የወጡትን መምህሩን፣ ሻለቃ እንግዳሸትን፣ ሊያማክር ቤታቸው ሄደ።

«መምህር፣ አንዲት ነርስ በበሽተኞች ፊት ‹ዶክተር፣ እርግጠኛ ነዎት? የዚህ ሰው መድኃኒት ይህ ነው?› ብላ ጠየቀችኝ። እኔ መቶ አለቃ ነኝ፤ እሷ አሥር አለቃ ናት። ዝም ብላት ማዕረጌ ተደፈረ፤ ልቅጣት ብል ደግሞ ልቤ እሺ አላለኝም። ምን ይሻለኛል?»

ሻለቃው ሳቅ ሳቅ አላቸው። መነጽራቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ወልውለው እንዲህ ሲሉ ጀመሩ።

አንድ የጦር አዛዥ ነበረ። ጥሩ ወታደር ነበረ፤ ይህን አልነፍገውም። ለወታደሩ ያዝናል፤ ወታደሩ የሚበላውን ይበላል። ነገር ግን መልሶ የሚጠይቀውን ሰው ዓይኑን ማየት አይወድም። እሱ አንዴ ከተናገረ አለቀ። «እንዴት ጌታዬ?» ያለው ሰው ወየውለት።

ጥያቄ የሚወደው በአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ በጦር ሰፈሩ በር ላይ። ዘብ ሆኖ የቆመ ሁሉ የመጣውን ሰው «ቁም! ማን ነህ?» እንዲል፣ የይለፍ ቃል ሳይሰማም እንዳያሳልፍ ሕግ አውጥቷል። አንድ ጭጋጋማ ጠዋት ራሱ አዛዡ በእግሩ ሲመጣ፣ ዘቡ በአረማመዱ ከሩቅ ለየውና በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ ሰላምታ ሰጠው።

«ለምን አልጠየቅኸኝም?» አለው አዛዡ።

«ጌታዬን ላላውቅዎት ነው?»

«የእኔን ካፖርት የለበሰ ጠላት ብሆንስ? እኔን አከበርኩ ብለህ ሰፈሩን ሁሉ ልታስፈጅ!» አለና ዘቡን የአሸዋ ከረጢት አሸክሞ ሰፈሩን አዞረው። ወታደሩ ይህን እያነሣ ክረምቱን ሙሉ ሲስቅ ከረመ።

ከዕለታት በአንዱ ቀን የአዛዡ ቀኝ ዓይን ሞራ ያዘው። ሞራው ገና ስስ ስለነበር ላይ ላዩን ለሚያየው ሰው አይታወቅም፤ ለእሱ ግን በዚያ ዓይኑ ዓለሙ ሁሉ ጉም ለብሷል። መርምሮ «መነሣት አለበት» ያለው ሐኪም ሌላ ነበር፤ የሚያነሣለት ሐኪም ደግሞ ሌላ። ቀጠሮው ሲደርስ አዛዡ ወደ ጦር ሆስፒታሉ ሄደ።

በዚያ ሆስፒታል አንድ ልማድ ነበር። በሽተኛውን ከበሩ ጀምሮ የሚያገኘው ሁሉ «ስምህ ማን ነው? ምንህን አመመህ? በየትኛው በኩል?» ይለዋል። አንዱ ጠይቆ ሲጨርስ ሌላው ያንኑ ይጠይቃል። በመጨረሻም ከታመመው ቦታ አጠገብ በቀለም ምልክት ያደርጉበታል። ወታደሮቹ «የገዛ ስሜን እስክጠራጠር ጠየቁኝ» እያሉ ይቀልዱበታል።

በሩ ላይ የቆመችው ነርስ አዛዡን፦ «ጌታዬ፣ ስምዎን ይነግሩኛል?» አለችው።

የግንባሩ ደም ሥር ተገተረ። «እኔን አታውቂኝም?»

«አውቅዎታለሁ ጌታዬ፤ ሕጉ ሆኖብኝ ነው እንጂ...»

«ታዲያ የምታውቂውን ለምን ትጠይቂኛለሽ!»

ነርሷ አንገቷን ደፍታ አሳለፈችው። ቀጥሎ የነበረው ጠያቂም ይህን ስላየ ሳይጠይቅ አሳለፈው። ባለ ቀለሙ ግን እንደ ምንም ደፍሮ ተጠጋ። «እኔ በግ ነኝ እንዴ ምልክት የምታደርግብኝ?» ብሎ አባረረው። እነሱም ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ብለው ዝም አሉ።

አዛዡ አልጋው ላይ ተንጋለለ። የሚያዘጋጀው ረዳት «ቀኝ ዓይን» መባሉን ሰምቷል፤ ነገር ግን ከአዛዡ ፊት ለፊት ቆሞ ነበርና በራሱ ቀኝ በኩል ያገኘውን ዓይን የማደንዘዣ ጠብታ ጨመረበት፤ ሌላውን በጨርቅ ሸፈነው። ምልክት ቢኖር ኖሮ ይመልሰው ነበር። ምልክቱ ግን ከነባለ ቀለሙ ተባሯል።

አዛዡ ቀና ብሎ አየ። መብራቱ ጥርት ብሎ ታየው። ከዚያ ሐኪሙ መጣ፤ ቅንድቡ ጥርት ብሎ ታየው። በእጁ የያዘው ቀጭን ስለትም ታየው፤ እሱማ ከሁሉም ይበልጥ ጥርት ብሎ ታየው! «እንዲህ አጥርቶ የሚያይ ዓይን ምን ሆነና ነው የሚታከመው?» ብሎ ክው አለ። ሊናገር ፈለገና ደግሞ አፈረ። «ሐኪሙ ያውቃል። ብጠይቀው ፈራ ይለኛል» ብሎ ቃሉን ዋጠ። በፊቱ የሚቆሙ ወታደሮች ሁልጊዜ የሚውጡት ቃል ምን ያህል እንደሚመር ያን ጊዜ ቀመሰው። ስለቱ ቀረበ። አዛዡ ከጨርቁ ሥር በሙሉ ድምፁ ጮኸ፦

«ቁም! ማን ነህ?»

ሐኪሙም ወታደር ነውና እጁ ባለበት ደርቆ ቀረ። «ወዳጅ ነኝ ጌታዬ!»

«ወዳጅ ከሆንክ ወዴት ነው የምትሄደው?»

«ሞራውን ላነሣ...»

«ሞራው ያለው በወዲያኛው ዓይኔ ነው! በዚህኛውማ የቅንድብህን ጸጉር ልቆጥርልህ እችላለሁ!»

ረዳቱ ተሯሩጦ ጨርቁን አነሣ። አዛዡ ተነሥቶ ቁጭ አለና «በሩ ላይ ያለችውን ነርስ ጥሩልኝ» አለ። ነርሷ አለቀልኝ ብላ ገባች።

«ለምን አልጠየቅ...» ብሎ ጀመረና ያ ዘብ ትዝ አለው። ቃሉን ሳይጨርስ ሳቁ አመለጠው። «ተይው ልጄ፤ አንቺማ ጠይቀሽኝ ነበር። ያን የአሸዋ ከረጢት መሸከም የነበረብኝ እኔ ነኝ።»

ከዚያ ጀርባው ክፍት በሆነው የሆስፒታል ልብስ እንዳለ ወጥቶ በሩ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። «በይ እንግዲህ ከመጀመሪያው ጠይቂኝ» አላት። ስሙን ተጠየቀ፤ መለሰ። ሕመሙን ተጠየቀ፤ መለሰ። ቀጣዩም ያንኑ ጠየቀው፤ መለሰ። ባለ ቀለሙ ሲመጣ ጎንበስ ብሎ ግንባሩን ሰጠውና «አወፍረው፤ በደንብ ይታይ» አለው። ሞራው ተነሥቶለት በሳምንቱ በሁለቱም ዓይኖቹ እያየ ወደ ሰፈሩ ገባ፤ በሩ ላይም «ቁም! ማን ነህ?» ሲባል እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አያውቅም።

ሻለቃው ወደ ወጣቱ ሐኪም ዞር አሉ።

«አየህ ልጄ፣ ያቺ ነርስ የበሽተኛው ዘብ ናት። አንተ ደግሞ በሩ ላይ የደረስህ ሰው ነህ። ዘብ ማን ነህ ሲልህ ማዕረግህን አልናቀም፤ ከኋላው የተኛውን ሰው እየጠበቀ ነው። አንተን አክብራ ዝም ያለች ቀን ነው መፍራት።»

ወጣቱ ራሱን ነቀነቀ። ሻለቃው ግን አልለቀቁትም።

«ለመሆኑ ያ መድኃኒት የሰውየው ነበር?»

«የለም፤ ከጎኑ ለተኛው በሽተኛ የታዘዘ ነበር» አለ ወጣቱ።

«ሰውየውስ?»

«ደኅና ነው። ስትጠይቀኝ አይቼ መድኃኒቱን መለስኩት።»

ሻለቃው ከልባቸው ሳቁ። «እንግዲያ ሂድና አመስግናት፤ በበሽተኞቹ ፊት። ቅጣትም የግድ ካማረህ፣ ጓሮ የአሸዋ ከረጢት አለ፤ እኔው አሸክምሃለሁ።»