ያ የፊተኛው እንግዳ

«ፓምፑን እንኳ አይቼው መጥቻለሁ፣ እናቴ። አሁን ከእርስዎ ጋር ትንሽ ልነጋገር ነው» አላት ሰውየው፤ ቦርሳውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ።

ቆላ አገር ያለች አንዲት ሴት ናት። ቦርሳው ውስጥ መፍቻ ያለ መስሏታል። አይቶት ከመጣማ፣ አረፍ ብሎ ሊጠግነው ነው አለች በልቧ።

የመንደሩ የውሃ ፓምፕ ከተበላሸ ሰነባብቷል። ጓዳዋ የቀረው አንድ ጣሳ ውሃ ነው፤ እሱም ተቅማጥ ላደከመው የልጅ ልጇ አፍልታ አቀዝቅዛ፣ በማንኪያ በማንኪያ የምትሰጠው። ታዲያ ምን አደረገች? የተጠማ ሰው በምን ጉልበቱ ብሎን ይፈታል ብላ ጣሳውን አወጣችለት። ጨለጠው።

ሰውየው ግን ጠጋኝ አልነበረም። የባሕር ማዶ ለጋሾች ሥራውን ለኮንትራክተር ሰጡ፤ ኮንትራክተሩ ለሌላ ኮንትራክተር ሰጠ፤ ይኼ እንግዳ ደግሞ ሥራው መሠራቱን እንዲያይ የተቀጠረ አማካሪ ነው። ክፉ እንዳይመስላችሁ። እጅ ነሥቶ የገባ ጨዋ ሰው ነው። «ለመሆኑ ውሃ ታገኛላችሁ?» ብሎ በትሕትና ጠየቃት።

ምን ትበል? ገና ከንፈሩን ሳይጠርግ «የመጨረሻውን ጠጣኸው» ትበለው? እናንተ ትሉ ነበር? ለእንግዳ?

«ተመስገን ነው» አለች።

እሱም ፓምፑ በቦታው አለ፣ ውሃም ይጠጣል ብሎ ጻፈ። መኪናው ተነሣ።

ጠጋኝ እንዳልነበረ ያኔ ነው የገባት። ጀሪካኗን ይዛ ወደ ወንዝ ስትሮጥ ልቧ ቤት ቀርቷል። ስመለስ ባላገኘውስ? መንገዱ አላልቅ አላት። ስትመለስ ጎረቤቷ ይርገዱ ከራሷ ልጆች የቀነሰችውን ውሃ ለልጁ ጠብ ጠብ ስታደርግለት አገኘቻት። ልጁ ተረፈ።

አንቺ ከጉባኤው ኋላ ተቀምጠሽ የምትስቂው፣ በአማካሪው አትሳቂ። እስቲ ሁላችሁም ንገሩኝ፤ ያ የታመመው ጎረቤታችሁ እንዴት ሰነበተ? ሰው ልካችኋል፣ አውቃለሁ። የላካችሁት ሰው ሌላ ሰው ላከ። ደጁ የደረሰውም የቀረበለትን በልቶ «ደህና ነው፣ ተመስገን ብሏል» አላችሁ። እናንተም ተኛችሁ።

ተመስገን ማለቱንስ ይበል። ጓዳውን ግን ማን አየለት? ከእኛ መሐል ይርገዱ ማን ናት? እኔን የሚያስፈራኝ አለመጠየቃችን አይደለም፤ ጠይቀናል ብለን መተኛታችን ነው።

ከርሞ ወደዚያች ሴት ሌላ መኪና መጣ። የፊተኛው አማካሪ በደንብ መጠየቁን የሚያጣራ ሌላ አማካሪ ኖሯል። ፀሐዩ አክርሮበት ገና ሳይቀመጥ፣

«እናቴ፣ የሚጠጣ ውሃ አይጠፋም መቼም?» አላት።

«ያ የፊተኛው ጠጥቶት ሄደ፣ ልጄ።»