ደጃፍ የፈለገችው አልጋነሽ

እስቲ ጆሮ ስጡኝ፤ እየተጎተተች የምትረዝም ተረት አለችኝ።

ወልድያ ከተማ ውስጥ አልጋነሽ የምትባል ልብስ ሰፊ ነበረች። ባሏ ከሞተ ወዲህ በሰው ግቢ፣ በሰው ክፍል ትኖራለች። አከራይዋ ባሻት ሰዓት በሩን ከፍታ ትገባለች። መብራት በጊዜ አጥፊ ትላለች፤ እንግዳ አታብዢ ትላለች። እንግዳውም ቀስ በቀስ ቀረ። የአልጋነሽ ምኞት ትንሽ ናት፤ የራሷ የሆነ አንድ ደጃፍ።

አቶ ውብነህ የሚባሉ ሽማግሌ ልጃቸው ዘንድ ሊገቡ ቤታቸውን ይሸጡ ነበር። አልጋነሽ የቆጠበችው ግማሹን ይሸፍናል።

«ቀሪውን ባንክ ያበድርሽ» አሏት። «እስከ መስቀል እጠብቅሻለሁ። በቃል ግን ቤት አልሰጥም።»

ሽማግሌው ቤቱን አልሰጥም አሉ፤ አልጋነሽም ደጃፏን አላገኘችም።

ባንክ ሄደች። የብድር ሠራተኛዋ ምንታምር የአልጋነሽን ስም ኮምፒውተሩ ላይ አየችና ፊቷ ተለወጠ።

«እትዬ፣ ያልተከፈለ ብድር አለብዎት።»

«እኔ? የጎረቤት ጨው ሳልመልስ እንቅልፍ የማይወስደኝ ሴትዮ?»

«ለወንድምዎ ዋስ ሆነው ፈርመዋል። እሱ መክፈል ሲያቆም የእርስዎም ስም አብሮ ተበላሸ፤ የትኛውም ባንክ ቢሄዱ ይታያል። ቤት ከመፈለግዎ በፊት መጥተው ቢጠይቁ ጥሩ ነበር። አሁን ለወንድምዎ ያበደረው ማኅበር ስምዎን ያጥራ።»

ባንኩ አላበድርም አለ፣ ሽማግሌው ቤቱን አልሰጥም አሉ፤ አልጋነሽም ደጃፏን አላገኘችም።

ወደ ቁጠባና ብድር ማኅበሩ ሄደች። ሊቀመንበሩ አቶ አራጌ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሳይከፈለኝ ተከፍሎኛል ልበል? ለሱ ያበደርኩት አንቺን አምኜ ነው። ወንድምሽ ይክፈል።» ከቆጠበችው እንዳትከፍል፣ ቤቱ ሊቀርባት ነው።

ማኅበሩ ስሟን አላጠራም አለ፣ ባንኩ አላበድርም አለ፣ ሽማግሌው ቤቱን አልሰጥም አሉ፤ አልጋነሽም ደጃፏን አላገኘችም።

ታናሽ ወንድሟ ጥጋቡ ስልኳን ማንሳት ከተወ ከርሟል። ጠይቃ ጠይቃ ከተማው ዳር አገኘችው። ቀና ብሎ አላያትም።

«እትዬ፣ በብድሩ የገዛሁት ባጃጅ ሲሮጥ ከፈልኩ፣ ሲቆም ቆምኩ። ሸጬ ልዝጋው ብል፣ የማይነሳ ባጃጅ ማን ይገዛል? አንቺን አፍሬ መንገድ ስቀይር ኖርኩ።»

«እኔ ደግሞ ወንድሜም ረሳኝ ብዬ ኖርኩ» አለችው።

ባጃጁን የሚያውቁት መካኒኩ ጋሽ ይመር ናቸው። እሳቸው ደግሞ ሚስታቸውን ከቀበሩ ጀምሮ ጋራዡን ከፍተው ይቀመጣሉ እንጂ አይሠሩም። «መፍቻ አልነካም» አሏት።

ጋሽ ይመር መፍቻ አልነካም አሉ፣ ባጃጁ አልነሳም አለ፣ ጥጋቡ መክፈል አልቻልኩም አለ፣ ማኅበሩ ስሟን አላጠራም አለ፣ ባንኩ አላበድርም አለ፣ ሽማግሌው ቤቱን አልሰጥም አሉ፤ አልጋነሽም ደጃፏን አላገኘችም።

ከዚህ ወዲያ የምትሄድበት አልነበራትም። አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠች። አልለመነችም፣ አልተቆጣችም። ጋሽ ይመር ወደ እሷ ዞር አሉና፣ «የለቅሶው ድንኳን ሲነሳ ሰውም አብሮ ተነሳ» አሉ።

«አውቀዋለሁ ጋሼ። ባሌ የሞተ ሰሞን ሻይ በሁለት ብርጭቆ እቀዳ ነበር።»

«ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«ምኑ?»

«የቤቱ ዝምታ።»

«እንጃ። የኔ አላለቀም።»

በማግስቱም መጣች፤ የምትሰፋውን ልብስ ይዛ። በሌላውም ቀን እንዲሁ። ስለ ባጃጁ ቃል አልተነፈሰችም። አንድ ጠዋት ግን ጋሽ ይመር እጅጌያቸውን ሰብስበው ጠበቋት። «በይ፣ ያንን ባጃጅ አስገፍተሽ አምጪው።»

ጋሽ ይመር መፍቻ አነሱ፣ ባጃጁ ተነሳ፣ ጥጋቡ ሸጦ ከፈለ፣ ማኅበሩ ስሟን አጠራ፣ ባንኩ አበደረ። ምንታምር ስታስፈርማት፣ «ወርሃዊውን በቀኑ ይክፈሉ» አለቻት። «ዋስ ሁኚ ሲሉዎትም፣ እሱ ባይከፍል እኔ እችላለሁ ወይ ብለው ራስዎን ይጠይቁ።» ሽማግሌውም መስቀል ሳይደርስ ቁልፉን ሰጡ፤ አልጋነሽም ደጃፏን አገኘች!

ገባች፤ በሩን ዘጋች፤ ተቀመጠች። ማንም አልከፈተባትም። ማንምም አልመጣም። ቤቱ ጠባብ ነው፤ ጸጥታው ግን ሰፊ ነበር። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ተነሳችና በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው።

ጋሽ ይመር ከጋራዥ ሲመለሱ ደጃፏ ላይ ቆም አሉ። ኮፍያቸውን አወለቁ።

«ቤት ለእንግዳ?»

ተከራይ ይህን አይመልስም፤ ቤቱ የሰው ነዋ። አልጋነሽ ጉሮሮዋን ጠረገች፤ ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት።

«ቤት የእግዜር» አለች። «ይግቡ።»

ተረቴን እዚህ አሳደርኳት፤ እናንተም በየቤታችሁ በሰላም እደሩ።