አልገጥም ያለው የበር ቀለም

አንድ መንገድ የሚያሠራ ካቦ ነበር። ስሙ ይርዳው ይባላል። መንገድ ሠሪ አንድ ቦታ አይከርምምና ይርዳውና ባለቤቱ ትርንጎ የሚኖሩት ጎማ ባለው ቤት ውስጥ ነው፤ ሠራተኞቹ ካራቫን ይሉታል። መንገዱ ወደፊት በገፋ ቁጥር ሹፌሩ ኑሪ ከጭነት መኪናው ኋላ ያስረውና ወደሚቀጥለው ሰፈር ይጎትተዋል። ቤቱ ጠባብ ነበር። ግን ግድግዳው፣ ቁም ሳጥኑ፣ የአልጋው ጠርዝ ሳይቀር በእንጨት የተለበጠ ነው፤ እንጨቱም ከዘመን ብዛት ጠቆር ያለ ቡናማ ሆኖ ያምር ነበር።

ባልና ሚስቱ ልጅ አልወለዱም። የትርንጎ ታናሽ እህት ባረፈች ጊዜ ግን ዝናሽ የምትባል፣ የፊት ጥርሶቿ የወለቁ ትንሽ ልጅ ትታ ነበርና አምጥተው አብራቸው እንድትኖር አደረጉ። ይርዳው መሣሪያ የሚያስቀምጥበትን ጓዳ ባዶ አደረገላት። ልጅ የሚያስተኛ መደብ፣ ከራስጌው አንድ መደርደሪያ፣ አንድ ትንሽ መስኮት ነበረው። በር ብቻ አልነበረውም። እሱንም በአቅራቢያው ካለች ከተማ አናጢ ፈልጎ ከዋንዛ አሠራላት።

በሩ ጥሩ በር ነበር። ልክ ገባ፣ ሲከፈት አልጮኸም። ነገር ግን አዲስ እንጨት ነውና ነጣ ብሎ ከግድግዳው ተለይቶ ይታያል።

ይርዳው ደግሞ ገመድ ሳይዘረጋ የመንገድ ጠርዝ መጉበጡን የሚያውቅ ሰው ነው። የተለየ ነገር ዓይኑን ይወጋዋል። «ለልጅቷ የተለጠፈ ነገርማ አልሰጣትም፤ ከቤቱ ጋር አብሮ የተሠራ መምሰል አለበት» አለ። ክፋት አልነበረበትም። ደግ ነገር ያሰበ መስሎት ነው።

በሩን ከማጠፊያው ነቅሎ ደጅ አወጣና ቀለም ይበጠብጥ ጀመር። ቡናማው ላይ ጥቂት ጥቁር ጠብ ያደርጋል፣ በአኳራጅ ያቀጥነዋል፣ በጨርቅ ያሸዋል። ደጅ ሲያየው ልክ ነው፤ ውስጥ ሲያስገባው ይጠቁራል። እርጥብ ሳለ ልክ ነው፤ ሲደርቅ ሌላ ይሆናል። እንደገና ነቅሎ ያወጣና በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ እንጨቱን ያነጣዋል። እንዲህ ሲያደርግ ዝናሽ በር በሌለው ጓዳ ትተኛለች። አንድም ቀን አጉረምርማ አታውቅም።

ከመጣች ጀምሮ ግን ጓዟን አልፈታችም። ጓዝ ከተባለ፣ አንድ ቀሚስ፣ አንድ ሹራብና የእናቷ ማበጠሪያ ነው፤ በእናቷ ነጭ ሻሽ የተቋጠረ። ቋጠሮውን ተንተርሳ ትተኛለች።

«እስቲ ፍቺውና ልብስሽን መደርደሪያው ላይ እናድርገው» ትላታለች ትርንጎ።

«በሩ ሲያልቅ፣ እቴቴ።»

«ከበሩ ጋር ምን አገናኘው?»

ልጅቷ ቋጠሮውን ወደ ራሷ ትስባለች። ትርንጎም አታስገድዳትም። ማለዳ ስትጸልይ ብቻ «ጌታዬ፣ ይህን ቋጠሮ እኔ በጉልበት ከምፈታው አንተ በጊዜው ፍታልኝ» ትል ነበር።

ሰፈራቸው ትልቅ ሾላ ሥር በሆነ ጊዜ ይርዳው ቀናው። ያን ቀን የበጠበጠው ቀለም ሲደርቅም ሳይለወጥ ቀረ። በሩን መልሶ ሰቀለና ወደ ኋላ ሸሸት ብሎ አየው። የት ላይ ግድግዳው አልቆ የት ላይ በሩ እንደሚጀምር አይለይም። ትርንጎን ጠራት፤ ኑሪንም ጠራው። ኑሪ እጁን በሱሪው ጠርጎ በሩን ዳሰሰና «እጀታው ባይኖር መግቢያው የት ነው ብዬ እጠይቅ ነበር» አለ። ይርዳውን ከዚህ የበለጠ ደስ የሚያሰኝ ቃል አልነበረም።

በዚያው ቀን ዝናሽ ቋጠሮዋን ፈታች። ቀሚሷን አጥፋ፣ ሹራቧን አጥፋ፣ ማበጠሪያውን ከላይ አኖረች። ሻሹን ትራሷ ላይ አለበሰችው። ትርንጎ አይታ እንዳላየች ሆነች፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አማተበች።

መንገዱ ገፋና ካራቫኑ ወደ ቆላ ወረደ። አዲሱ ሰፈር ዛፍ የለውም። ኑሪ ቤቱን ትልቁ መስኮት ወደ ምሥራቅ እንዲሆን አድርጎ አቆመው። ሲነጋ ፀሐይዋ በመስኮቱ ቀጥ ብላ ገባችና በሩ ላይ አረፈች። ይርዳው ቁርሱን ሊቀምስ ሲል ቀና ቢል፣ ግድግዳው እንደ ቀድሞው ቡናማ ነው፤ በሩ ግን እንደ ጉበት ቀልቷል። እንጀራውን ትቶ ተነሣና በሩን ነቀለው።

«ምነው? ትናንት ልክ ነበር እኮ» አለች ትርንጎ።

«ትናንት የሾላው ጥላ ሸፍኖልኝ ነው።»

«ነገ ደግሞ ሌላ ቦታ ስንቆምስ?»

«እዚያ ስንደርስ እንደ ብርሃኑ እቀባዋለሁ።»

«አንተ ሰውዬ፣ የበር ሕመም ያዘህ እንዴ?»

ይርዳው በሩን ደጅ አጋድሞ መፋቅ ጀመረ። ኑሪ ቤቱ እንዳይንሸራተት ጎማው ሥር ድንጋይ እየሸጎጠ ነበር። «ካቦ» አለው፣ «ቤቱን የፈለጉበት አገር አደርስልዎታለሁ። ፀሐይዋን ግን አብሬ ልጎትትልዎት አልችልም።»

«ሥራህን ሥራ» አለው ይርዳው። ግን ፈገግ አለ። ግማሹን በር ፍቆ ግማሹ ሲቀረው ጨርቅ ሊያመጣ ወደ ቤት ሄደ።

ዝናሽ የካራቫኑ ደረጃ ላይ ተቀምጣ አገኛት። ጫማዋን አድርጋለች። ጓዟ በነጩ ሻሽ ተቋጥሮ ጉልበቷ ላይ አለ።

«የት ልትሄጂ ነው?» አላት።

«የትም፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ጓዝሽን ለምን ቋጠርሽ?»

«በሩን ሲያወጡት ተራዬ ደረሰ ብዬ ነው።»

«የምን ተራ?»

ልጅቷ አላለቀሰችም። እንደ ትልቅ ሰው ረጋ ብላ ነገረችው። «እማዬ ያረፈች ጊዜ የቤቱ ባለቤቶች መጡ። መጀመሪያ አልጋውን አወጡ። ከዚያ ሳጥኑን አወጡ። ከዚያ እኔን አወጡኝ።»

ይርዳው እስከዚያች ሰዓት ድረስ በሩን ባወጣ ቁጥር ምን እያወጣ እንደ ነበረ አላወቀም። ለልጅቷ ብሎ የደከመው ድካም ሁሉ ልጅቷን ደጅ ደጁን ሲያሳያት ከርሟል።

ጨርቁን ሳያነሣ ተመለሰ። ግማሹ የተፋቀውን፣ ግማሹ የቀላውን በር እንደ ተሸከመ ገባና ማጠፊያው ላይ ሰቀለው። ከፈተው፣ ዘጋው። አልጮኸም።

«ሳያልቅ?» አለች ዝናሽ።

«አልቋል» አላት። «ከእንግዲህ ይህን በር የሚነቅል የለም። እኔም ብሆን።»

ልጅቷ በሩን አየች፤ እሱን አየች። ከዚያ ቋጠሮውን ልትፈታ ሞከረች። አጥብቃ አስራው ነበርና እምቢ አላት። በጥርሷ ልትይዘው ብትል የሚይዙት ጥርሶች የሉም። ይርዳው እንዳያግዛት እጁ የቀለም ብናኝ ነው፤ ነጩን ሻሽ እንዳያቆሽሽባት እጁን ወደ ኋላው ደበቀ።

«እቴቴ፣ ነይ ፍቺልኝ፤ አልሆን አለኝ» ብላ ተጣራች።

ትርንጎ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣች። ቋጠሮውን በጥፍሯ አላልታ ፈታችው።

ካራቫኑ ከዚያ በኋላ ብዙ አገር ዞረ። በሩ እንደዚያው ባለ ሁለት መልክ ሆኖ ቀረ። አንዳንዱ ሰፈር ላይ ከግድግዳው ጋር ይስማማል፤ አንዳንዱ ላይ ከሩቅ ይለያል። ይርዳው መጀመሪያ ሰሞን ዓይኑን እየወጋው ዞር ይል ነበር፤ በኋላ ግን ተወው። አንድ ነገር ብቻ ማንም ሳይቀባው ተለወጠ። እጀታው አጠገብ፣ ዝናሽ ስትገባና ስትወጣ እጇ የሚያርፍበት ቦታ፣ ቀስ በቀስ እየጠቆረ ሄዶ የአሮጌውን ግድግዳ መልክ ያዘ።

ይህን ታሪክ ያነበባችሁ ሁሉ፣ እኛም የምንኖረው ጎማ ባለው ቤት ነው። ዛሬ ጥላ ሥር ነን፤ ነገ ፀሐይ ላይ እንቆማለን። በአንዱ ብርሃን ልክ የመሰለን ሰው በሌላው ይለይብናል። ምራት ትመጣለች፣ የሟች ወንድም ልጅ ይመጣል፣ ከገጠር የመጣች ሠራተኛ ትገባለች፤ እኛም እንደ ቤታችን መልክ እስኪሆኑ እንፍቃቸው፣ እንቀባቸው እንላለን። ለእነሱ ብለን ነው። እነሱ ግን በነቀልናቸው ቁጥር ጓዛቸውን መልሰው ይቋጥራሉ። ቀለም በቀን ይቀባል፤ መላመድ ግን ከእጅ ወደ እንጨት የሚገባው በመክፈትና በመዝጋት ብዛት ነው። ፈጣሪም እኛን ሲቀበለን መልካችን እስኪስተካከል ደጅ አላቆየንም።

እስቲ ወደ ቤታችሁ ዘወር ብላችሁ እዩ። ጓዙን ገና ያልፈታ ሰው አለ? ካለ፣ በሩን ዛሬ ስቀሉለት።