አያ ገመዶ፣ እመት ዋይፋይና እመት ስልኪት

ተረት ልዘርጋላችሁ።

«ዘርጋው፣ እንቀመጥበት» በሉኝ እንጂ!

ዱሮ ዱሮ፣ ዕቃ ሁሉ አፍ በነበረው ዘመን፣ በአንዲት ዳገታማ ከተማ ሲስተር ዘውድነሽ የሚባሉ አዋላጅ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያዋልዱ ኖረው ጉልበታቸው ሲደክም ጡረታ ወጡ። ጉልበት ጡረታ ይወጣል፤ እውቀት ግን ጡረታ አያውቅም። እናም ሲስተር ቤታቸው ቁጭ ብለው፣ በታጣፊ ኮምፒውተራቸው፣ ቆላ ወርደው የሚሠሩ ወጣት አዋላጆችን ይመክሩ ነበር። ምጥ የጠናባት እናት ስትመጣ የቆላዋ አዋላጅ ትደውላለች። ሲስተር መነጽራቸውን አስተካክለው «አይዞሽ ልጄ፣ እስቲ አሳዪኝ» ይላሉ።

ኮምፒውተሩ ይህን ሥራ ይወደው ነበር። ከቆላ የሕፃን ለቅሶ በሰማ ቁጥር እሱ ራሱ ያዋለደ ያህል ሆዱ ይሞቃል። ችግሩ ግን የሲስተርን ቃል ተሸክመው ቆላ የሚያደርሱት ሌሎች መሆናቸው ነው። ሦስት ነበሩ፤ ሦስቱም አይዋደዱም።

አንደኛው አያ ገመዶ ነው። ከመንገዱ ምሰሶ ተነሥቶ፣ በመስኮት ሾልኮ፣ ኮምፒውተሩ ጎን ላይ ይሰካል። እንደ ሰጋር በቅሎ ፈጣን ነው፤ ነፋስ ሲመጣ ግን ይርበተበታል።

ሁለተኛዋ እመት ዋይፋይ ናት። ከጎረቤት ከአቶ ደምመላሽ ቤት ተነሥታ በአየር ተንሳፍፋ፣ ግድግዳ አልፋ ትመጣለች። አቶ ደምመላሽ «ልጆቼን ሁሉ ያዋለዱልኝ ሴት ናቸው፤ ለእሳቸው የይለፍ ቃል ይሠሠታል እንዴ?» ብለው ፈቅደው ነው። ቀልጣፋ ናት፤ መብራት ሲጠፋ ግን አብራ ትጠፋለች።

ሦስተኛዋ እመት ስልኪት፣ የሲስተር ሞባይል ናት። ከራሷ ኢንተርኔት ለኮምፒውተሩ ታካፍላለች። ቀጭን ናት፣ ዘገምተኛ ናት፣ ፓኬጅም ትበላለች። ግን ባትሪዋን በሆዷ ይዛ ስለምትዞር መብራት ቢጠፋ ደንታ የላትም።

«ከእኔ ወዲያ ፈጣን ማን አለ? ሁሉን እኔ ልሸከም!» ይላል አያ ገመዶ።

«አንተ ታስረህ የምትውል! እኔን ግድግዳ እንኳ አያግደኝም» ትላለች እመት ዋይፋይ።

«ሁለታችሁም በሰው መብራት የምትኩራሩ!» ትላለች እመት ስልኪት።

ኮምፒውተሩ ማንንም ማስቀየም የማይወድ ነበርና፣ «እንግዲያው ሁላችሁም ግቡ፤ ሁላችሁም ተሸከሙ» አላቸው።

ገቡ። ተሻሙ። በዚያን ቀን የኔዓለም የምትባል ወጣት አዋላጅ ከቆላ ደወለች። «ሲስተር፣ ደም ግፊት ያለባት እናት ወልዳለች። ይህን መርፌ ልስጣት?»

«አትስጫት!» አሉ ሲስተር።

ቃሉ ገና ከአፋቸው ሳይወጣ ሦስቱ ተናጠቁት። «አት» የሚለው እመት ስልኪት እጅ ገባ፤ «ስጫት» የሚለውን አያ ገመዶ ይዞት ጋለበ። የኔዓለም ጆሮ የደረሰው «ስጫት» ብቻ ነበር።

ግፊት የሚጨምረውን መርፌ አነሣች። ደግነቱ የኔዓለም ጠንቃቃ ነበረች። «ሲስተር፣ በደንብ አልሰማሁም፤ ይድገሙልኝ» አለች።

«አት! ስ! ጫት! አልኩሽ እኮ!» ብለው ሲስተር ጮኹ። መርፌው ወደ ሣጥኑ ተመለሰ።

ኮምፒውተሩ በድንጋጤ ጋለ፤ ውስጡ ያለችው ማራገቢያ እንደ ወፍጮ ጮኸች። «እኔ ነኝ ጥፋተኛው፤ ሁሉን አስገብቼ» አለ። ከዚያም ተቆጣና «ከዛሬ ጀምሮ አያ ገመዶ ብቻ! ሌሎቻችሁን አላውቃችሁም!» ብሎ የእመት ዋይፋይን የይለፍ ቃል ረሳ፤ ለእመት ስልኪትም በሩን ዘጋ።

ሰነበተ። ሥራው ሰመረ። አያ ገመዶ ደረቱን ነፋ።

ታዲያ አንድ ከሰዓት በኋላ የየኔዓለም ድምፅ እየተጣደፈ መጣ። «ሲስተር፣ ሕፃኑ በእግሩ ነው የመጣው!»

«ተረጋጊ። እንዳትጎትቺው። ቀጥሎ የምታደርጊው...» አሉ ሲስተር።

በዚያች ቅጽበት ዶፍ ወረደ። የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ተገንጥሎ ምሰሶው ላይ ወደቀ፤ አያ ገመዶም «ዋይ!» ብሎ ጭቃ ላይ ተዘረጋ። የየኔዓለም ፊት እንደ ፎቶ ደርቆ ቀረ።

«እመት ዋይፋይ፣ ድረሺልኝ!» አለ ኮምፒውተሩ።

«የይለፍ ቃሌን ታስታውሳለህ?» አለች። አያስታውስም።

«እመት ስልኪት፣ እባክሽ!»

እመት ስልኪት በሩ ሲዘጋባት አኩርፋ ተኝታለች። ተለምና፣ ተለምና፣ ስትነቃ ነገሩ አልቆ ነበር። የኔዓለም ብቻዋን ስትታገል ቆይታ ሕፃኑን አውጥታዋለች። መጀመሪያ አላለቀሰም፤ ከብዙ ትግል በኋላ ግን ተነፈሰ።

ልጁ ተረፈ። ሲስተር ግን ሻያቸው እስኪበርድ እጃቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። «ብቻዋን ተውኳት» አሉ። ኮምፒውተሩ ያንን ሲሰማ ክዳኑ በላዩ ላይ ቢዘጋለት ወደደ።

በመስኮቱ ማዕዘን እማማ ሸረሪት ይኖሩ ነበር። ዶፉ ሲወርድ ድራቸው አንዲት ክር ብቻ ተበጥሳበት፣ እሳቸው መሐል ላይ ተደላድለው ተቀምጠዋል። ኮምፒውተሩ ቀና ብሎ አያቸው።

«እማማ ሸረሪት፣ እርስዎ ይህን ሁሉ ክር እንዴት ያስተዳድሩታል? እኔ ሦስት አቃተኝ» አለ።

«ሁሉንም ልርገጥ ብትል ትወሳሰባለህ፤ አንዷን ብቻ ልመን ብትል ትወድቃለህ» አሉ እማማ ሸረሪት። «እኔ በወፍራሟ እሄዳለሁ። ሌሎቹን ደግሞ በእግሬ ጫፍ እነካቸዋለሁ። የምሄድባት አንዷ ናት፤ የምለቃት ግን የለችም።»

«የሚሄዱባት ስትበጠስስ?»

«እስክትበጠስማ ምን አስጠበቀኝ! ክር ከመበጠሱ በፊት ይንቀጠቀጣል። ያኔ እግሬ ሌላዋ ላይ ነው።»

«ሰዎች ‹ድር ቢያብር አንበሳ ያስር› ይላሉ፤ የእኔዎቹ ግን ቢያብሩም እኔኑ አሰሩኝ።»

እማማ ሸረሪት ሳቁ። «ማበርና መደራረብ ለየቅል ነው፣ ልጄ። ተራውን ያላወቀ ድር ባለቤቱን ያስራል።»

ኮምፒውተሩ አሰበ፣ አሰበ። አያ ገመዶ ተጠግኖ ሲመለስ ሦስቱንም ጠራና መጀመሪያ ይቅርታ ጠየቃቸው። ሲስተር የይለፍ ቃሉን እንደገና ከአቶ ደምመላሽ ጠይቀው ስላስገቡለት፣ አሁን አጥብቆ ይዞታል።

«አያ ገመዶ፣ ፈጣን ነህና ቀዳሚው አንተ ነህ። ነፋስ ሲነካህ ግን አትደብቀኝ፤ ንገረኝ።»

«እኔ ልፈራ?»

«መፍራት አይደለም። ‹ተንቀጠቀጥኩ› ማለት ነው።»

አያ ገመዶ የነፋውን ደረቱን ዝቅ አድርጎ «እሺ» አለ።

«እመት ዋይፋይ፣ አንቺ ሁለተኛ ነሽ። ሥራ ባይኖርሽም በሩ ላይ ቁሚ። እመት ስልኪት፣ ዘገምተኛ ብለን ንቀንሽ ነበር። አንቺ ሁሉ ሲጠፋ የምትቀሪ ነሽ። የምልክሽ ለጭንቅ ቀን ነው፤ እስከዚያ ፓኬጅሽን ቆጥቢ።»

እመት ስልኪት እንዲህ ተከብራ አታውቅምና ስክሪኗ ቦግ አለ።

የጭንቁ ቀን ሳይቆይ መጣ። ሰማዩ ጠቁሯል፣ ነፋሱ ቆርቆሮ ያንኳኳል። የኔዓለም ደወለች። «ሲስተር፣ ዘሀራ የምትባል እናት ናት። ሕፃኗ በደህና ተወልዳለች። የእንግዴ ልጁም ወጥቷል። ደሙ ግን አልቆም አለ! አምቡላንሱ ገና መንገድ ላይ ነው።»

«አሳዪኝ» አሉ ሲስተር። ሥዕሉ በአያ ገመዶ ጀርባ እየጋለበ መጣ፤ አዩ። «የደም ማቆሚያውን መርፌ ሰጥተሻታል?»

«ሰጥቻታለሁ።»

«እንግዲያው እጅሽን ሆዷ ላይ አድርጊ። ማኅፀኗን ፈልጊ...»

«ተንቀጠቀጥኩ!» አለ አያ ገመዶ። ኩሩው አያ ገመዶ! ኮምፒውተሩ ወዲያው ቃሉን ለእመት ዋይፋይ አሻገረ። ገመዱ ከምሰሶው ሲወድቅ እመት ዋይፋይ ግማሽ መንገድ ደርሳለች።

«...አገኘሽው? ለስላሳ ነው አይደል? እስኪጠጥር ድረስ ጠንከር አድርገሽ እሺው» አሉ ሲስተር። መንገዱ መቀየሩ ምንም አልታወቃቸውም።

«ለስላሳ ነው፣ ሲስተር። እያሸሁ ነው።»

ከዚያ መብራቱ ድርግም አለ። እመት ዋይፋይ ደህና ሁኑ ሳትል ጠፋች። ኮምፒውተሩ በራሱ ባትሪ ላይ ቀረ፤ ልቡ ግን አልጠፋም፤ እግሩ ቀድሞ እመት ስልኪት ላይ ነበር። «ቃሉን ልሸከም እችላለሁ» አለች እመት ስልኪት በቀጭን ድምፅዋ፣ «ሥዕሉ ግን ይከብደኛል።»

ሥዕል መጣል ለኮምፒውተር ዓይኑን እንደ መጨፈን ነው። «ሥዕሉ ይቅር፤ ቃሉ ይድረስ» አለ።

«ልጄ፣ አላይሽም እኮ» አሉ ሲስተር፤ «ግን እሰማሻለሁ። አሁንስ እንዴት ነው?»

«ገና ነው...»

«አትልቀቂ። አብሬሽ ነኝ። አትልቀቂ።»

እመት ስልኪት እያንዳንዷን ቃል እንደ እንቁላል አቅፋ ወሰደች፤ አንዲትም ፊደል አልወደቀችባትም። ኮምፒውተሩ ሌላ ሥራውን ሁሉ አቁሞ መንገዱን ለእሷ ጠረገላት።

ነፋሱ ብቻ ይሰማል።

«ሲስተር... ጠጠረ! እንደ ድንጋይ ጠጠረልኝ! ደሙም ቀነሰ... ቆመ!»

ሲስተር ዘውድነሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። በመስመሩ የአምቡላንስ ጡሩምባ፣ የሕፃን ለቅሶ፣ ከዚያም የዘሀራ የደከመ ድምፅ መጣ፦ «ልጄን አምጡልኝ፤ ርቧት ነው።»

ሲስተር ኮምፒውተሩን ሲያጥፉ ፈገግ ብለው ለራሳቸው እንዲህ አሉ፦ «ዛሬስ ኔትወርኩ አንዴም ሳይቋረጥ!»

ኮምፒውተሩ ከዚህ የበለጠ ምስጋና በዕድሜው አልሰማም።

ሁሉን ያሻማ ቃሉን ያስቆርጣል፤ አንዱን ብቻ ያመነ መንገድ ላይ ይቀራል፤ ለሁሉም ተራውን የሰጠ ግን ያደርሳል።

እኔ ተረቴን አደረስኩ፤ እናንተም ለጎረቤት አድርሱ።