አደንጓሬ፣ ጨውና እሳት ማን ይቅደም ሲሉ

ተረት ተረት። «የላም በረት» እንዳትሉኝ፤ የዛሬው ተረት ላም የለበትም። «የአደንጓሬ አጥር» በሉኝ። እህ፣ እንደዚያ። በሉ አሁን ስሙ። የራበው ካለ ይታገሥ፤ በዚህ ተረት ውስጥ ምግቡ ቶሎ አይደርስም።

ድሮ፣ ዕቃ ሁሉ አፍ በነበረው ዘመን፣ አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ሞቶባት ብቻዋን የምትኖር፣ ከአንዲት የጤፍ ማሳና ከጓሮ አጥሯ በቀር ምንም የሌላት ሴት ናት። በአጥሯ ሥር አደንጓሬ ዘርታ ነበር። አደንጓሬውም በቀለ፣ ተጠመጠመ፣ አጥሩ አናት ላይ ወጥቶ ቀይ አበባ አበበ። ከዚያ ወዲያ ቁልቁል አይቶ ለማንም ሰላምታ አልሰጠም።

በዚያ ዓመት ጤፏን አረም ዋጠው። አንጓችም ደቦ ጠራች። የደቦ ደንብ የታወቀ ነው፤ ጎረቤት ሁሉ መጥቶ አንድ ቀን ያርማል፣ ባለማሳዋ ቀትር ላይ ታበላለች። ቀትር ላይ ካላበላች አራሚው ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ የሚወቅሰውም የለም። ተራዋ አንዴ ካለፈ እስከ ከርሞ አይመለስም። ያ ጤፍ ሳይታረም ከቀረ ደግሞ አንጓች ዓመቱን ሙሉ የምትበላው የላትም።

ስለዚህ ከአጥሯ አደንጓሬ ለቀመች፣ ፈለፈለች፣ ከዋዜማው ጀምራ በገበቴ ዘፈዘፈች። የቀረውን ለዘር ብላ ከነገለባው አጥሩ ላይ ተወችው። በማግስቱ ጠዋት ድስቱን ውሃ ሞልታ ጉልቻ ላይ ጣደች፣ እንጨት ደረደረች፣ ፍሙን ከሥሩ አኖረች፣ ጨዉን በቅል አድርጋ ከጎን አስቀመጠች። ከዚያም ተስማምተው ንፍሮ ሆነው እንዲጠብቋት አደራ ብላ ወደ ማሳዋ ሄደች። ያኔ አደራ ማለት ይበቃ ነበር ይባላል።

ድስቱ፣ «ግቡ እንጂ» አለ። ማንም አልገባም።

ጨው ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ ሳልገባማ ማን ይገባል? አያቴ አሞሌ ነበር። በግመል ተጭኖ ሲመጣ አገር ወጥቶ ይቀበለው ነበር። የእናንተ አያት ማን ነበር?»

«መብረቅ» አለ እሳት ከፍሙ ውስጥ። «እሱን ወጥቶ የሚቀበል እንኳ አልተገኘም። አስቀድማችሁ ተነሡልኝ፣ ከዚያ እነዳለሁ።»

አደንጓሬ በገበቴው ውስጥ ተነፍቶ ተኝቶ ነበር። እሱም በበኩሉ፣ ሰው የአደንጓሬ ንፍሮ ይላል እንጂ የጨው ንፍሮ ሲል፣ የእሳት ንፍሮ ሲል ሰምቶ እንደማያውቅ፣ በስሙ በተደገሰ ድግስ ላይ ከማንም ኋላ እንደማይገባ አስታወቀ። ልክ ነዋ። በባዶ ሆዱ አረም የሚነቅለው ሕዝብ ይቆይ፤ መጀመሪያ የዘር ቆጠራው ይለቅ።

ጠቡ እየከረረ ሲሄድ ድስቱ ሽማግሌ ይጠራ አለ። እመት ጦጣ በአጋጣሚ አጥሩ ላይ ነበረች። ጦጣ ምንጊዜም አጥር ላይ የምትገኘው በአጋጣሚ ነው። ወርዳ ከምድጃው ፊት ተቀመጠች፣ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ የጨውን ነገር እስከ መጨረሻው ሰማች።

«ከባድ ጉዳይ ነው» አለች። «ምስክር ሳልሰማ አልፈርድም። የአደንጓሬ ዘመዶች አጥሩ ላይ አሉ አይደል?»

ሄደችና ምስክሮቹን አንድ በአንድ አፏ ውስጥ እያስገባች መረመረቻቸው። የአጥሩ ሢሶ አለቀ። አደንጓሬ ከገበቴው አንገቱን አውጥቶ ያይ ነበርና በኩራት፣ «ዘመዶቼ ሲከበሩ አያችሁ?» አለ።

ሦስት ሰዓት ሆነ። ጦጣ ተመልሳ ተቀመጠች፣ የእሳትን ነገር ሰማች፣ ነገሩ ተጨማሪ ምስክር እንደሚያስፈልገው ተናግራ ቀጠሮ ሰጠች። ሄደች፣ መረመረች፣ ሁለተኛው ሢሶ አለቀ። አራት ሰዓት ተኩል ሆነ። ተመልሳ ተቀመጠች፣ የአደንጓሬን ነገር ሰማች፣ ቀጠሮ ሰጠች፣ ሄደች፣ መረመረች። ሦስተኛውም ሢሶ አለቀ። ፍሙ አመድ ለበሰ። ውሃው እንደተጣደ ቀዝቅዞ ቆመ። ተከራካሪዎቹ ግን እንዲህ ያለ ጥንቁቅ ዳኛ አይተው እንደማያውቁ ይመሰክሩ ነበር።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ጦጣ ለፍርድ ተነሣች። «ፍርዱ...» አለች፣ ሆዷንም ያዘች። «ፍርዱ...» አለች፣ ጎንበስ አለች። ለሦስተኛ ጊዜ «ፍርዱ» ማለት አልሆነላትም፤ ሮጣ ዋንዛው ላይ ወጣች። ጥሬ አደንጓሬ ሆድ ገብቶ ዝም የሚል እህል አይደለም። ሦስት ቀን ሙሉ እዚያው ዋንዛ ላይ ሆና ምስክሮቹን ስታዳምጥ ሰነበተች።

ቀትር ሆነ። አራሚዎቹ ከአንጓች ጋር መጡ፣ እጃቸውን ታጠቡ፣ ጥላ ይዘው ተቀመጡ። የደቦው አለቃ አያ ቢያድግልኝ የድስቱን ክዳን ገለጥ አድርጎ አየ።

«አንጓች እህቴ» አለ፣ «ውሃው ጥሩ ነው። ፊቴን አየሁበት።»

አንጓች መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። አራሚው ሁሉ ተነሥቶ ልብሱን አራገፈና ወደየቤቱ ሄደ። አያ ቢያድግልኝና ሦስት ሽማግሌዎች ብቻ ቀሩ፤ እነሱም የቀሩት ቤታቸው የሚያበስልላቸው ስለሌለ ነው።

አንጓች ወደ ምድጃው ዞረች። አልጮኸችም። «አደራዬን የበላው ማን ነው?» ብላ ጠየቀች።

ያን ጊዜ ታላቅ ትሕትና በቤቱ ወረደ።

«እኔ ማን ነኝና ቀድሜ እመልሳለሁ?» አለ ጨው። «እሳት በዕድሜ ይበልጠኛል። እሱ ይቅደም።»

«ኧረ በፍጹም» አለ እሳት። «ድግሱ በአደንጓሬ ስም ነው። እሱ እያለ እኔ አልቀድምም።»

አደንጓሬም፣ «እኔ የአጥር ልጅ ነኝ» አለ። «የአሞሌ የልጅ ልጅ ቆሞ እኔ ልቅደም? ነውር ነው።»

አንጓች መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ልጅ የላት፣ ባል የላት፣ ያላት ያ ማሳ ነው፤ እሱም በአያት ቆጠራ አመለጣት። ጥቂት አልቅሳ ስታበቃ በነጠላዋ ፊቷን ጠረገችና ተነሣች።

«እንግዲህ ዛሬ ማን እንደሚቀድም የምናገር እኔ ነኝ» አለች።

አመዱን ገልጣ ፍሙን እፍ አለችው፤ እሳትም አያቱን ሳይጠራ ነደደ። አደንጓሬውን ድስቱ ውስጥ ገለበጠችው። ሲንተከተክ የመጀመሪያውን ውሃ ደፋችው፣ ሌላ ጨመረች፣ በሁለት ጣቷ ይዛ ስትጫነው እስኪፈርስ ድረስ ቀቀለችው። በመጨረሻ ጨዉን ቆነጠረች።

«መጨረሻ?» አለ ጨው።

«መጨረሻ። ቀድመህ ገብተህ ቢሆን እስከ ማታ ድንጋይ አድርገህ ታስቀረው ነበር።»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ንፍሮው በሰፌድ ቀረበ። ትኩስ ነው፣ ቅርፊቱ ምላስ ሲነካው ይለቃል፣ ውስጡ እንደ ድንች ልስልስ ነው። አራቱ ሽማግሌዎች ቃል ሳይተነፍሱ በሉ። ጨው ስሙ እስኪጠራ ጠበቀ፤ እሳት ጠበቀ፤ አደንጓሬም ሊያልቅ ጥቂት ፍሬ እስኪቀረው ድረስ ጠበቀ። አያ ቢያድግልኝ እጁን ጠረገና፣

«አንጓች፣ እጅሽን ቁርጥማት አይንካው» አለ። ስለ አያት የጠየቀ አልነበረም።

ሽማግሌዎቹ በልተው ዝም ብለው አልሄዱም፤ ተመልሰው ፀሐይ እስክትጠልቅ አረሙ። ግን አራት ሽማግሌ አራት ሽማግሌ ነው። ማሳው ግማሹ ታረመ፣ ግማሹ ለአረም ቀረ። አንጓችም በዚያ ዓመት ስድስት ወር በላች፣ ስድስት ወር ተራበች። አጥሯም ባዶውን ቀረ፤ ለዘር ያገኘችው ጦጣ ስትሮጥ ከእጇ ያመለጠውን አንድ ፍሬ ነው። እሱን ስትተክል ግን አያቱን እንዳይጠራ አስጠንቅቃው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ዕቃ አፉን ተነጠቀ ይላሉ። ያንን ጠባይ ግን ሰው ወረሰው፤ ለክብር ሲሆን «እኔ ልቅደም» ብሎ ይጋፋል፣ ለጥፋት ሲሆን «እርስዎ ይቅደሙ» ብሎ መንገድ ይለቃል።

በሉ ተረቴን መልሱልኝ። አፌን በዳቦ ማበሱ ይቅር፤ አንድ እፍኝ ንፍሮ ይበቃኛል። ጨዉን ግን መጨረሻ ላይ።